ቅጽራችንን ለመስክ ትምህርት ስለ መክፈት፦ በገለጉ ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ ንግግር



 ልናቀርብላችሁ የመጣነው አሳብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የእናንተን ፈቃድ ግን ይጠይቃል። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር በሳምንት አንድ ማለዳ ከክፍል ወጥተው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ በትምህርት ቤቱ ግቢና በቅርብ በሚገኘው የወንዝ ዳር ትምህርታቸውን እንዲማሩ እንሻለን። የሚማሩትም ሒሳቡን፣ ሳይንሱን፣ አማርኛውን፣ ማኅበራዊ ሳይንሱን፣ ያንኑ በክፍል የሚማሩትን ነው።

አሳቡ ከእኛ የፈለቀ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. በጆርጂያ ዋና ከተማ በትብሊሲ የተሰበሰቡ መንግሥታት የአካባቢ ትምህርት በሁሉም የትምህርት ዓይነቶች ውስጥ እንዲሠርጽ ተስማምተው ነበር። አገራችንም በ1989 ዓ.ም. ባጸደቀችው የአካባቢ ፖሊሲ ትምህርቱ ራሱን የቻለ ተጨማሪ የትምህርት ዓይነት ሳይሆን ባለው ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ እንዲካተት ደንግጋለች። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ ቢያልፍም በብዙ ትምህርት ቤቶች የአካባቢ ትምህርት ማለት በክረምት መግቢያ ችግኝ ተሸክሞ መውጣት፣ ፎቶግራፍ መነሣትና መመለስ ሆኖ ቀርቷል። ችግኝ መትከል መልካም ነው። ነገር ግን ተክሎ የሄደው ተማሪ በጥር ወር ተመልሶ ከተተከለው ስንቱ እንደ ጸደቀ ካልቆጠረ፣ የተማረው መቆፈርን ብቻ ነው።

እኛ ከዕጣን እንጀምራለን።

አባቶች ካህናት በጽናው ላይ የሚያኖሩት ዕጣን ከየት እንደሚመጣ የደጋ ልጅ ቢጠየቅ «ከገበያ» ይል ይሆናል፤ አይፈረድበትም። የእናንተ ልጅ ግን ከዚህ የተሻለ መልስ ሊኖረው ይገባል። ከመተማ እስከ ቋራ በተዘረጋው ቆላ፣ በደረቁ ተዳፋትና በድንጋያማው ኮረብታ ላይ፣ በበጋ ቅጠሉን አርግፎ ራቁቱን የሚቆም፣ ልጡ እንደ ወረቀት እየተላጠ የሚነሣ ዛፍ አለ። ዝናሙ ካለፈ በኋላ ዕጣን የሚያደሙ ሠራተኞች ግንዱን በስለት በጥቂቱ ይልጡታል፤ ከቁስሉ የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ ይረጋል፤ ይለቀማል፤ ቁስሉም በየሳምንታቱ እየታደሰ ሥራው እስከ ክረምቱ መግቢያ ይቀጥላል። ሰብአ ሰገል ለሕፃኑ ጌታ ካቀረቡት እጅ መንሻ አንዱ የዚህ የዕጣን ዛፍ ወገን ፍሬ ነበረ። ዛሬም ከዚህ ቆላ የሚወጣው ዕጣን በአገራችን ብቻ ሳይወሰን ባሕር ተሻግሮ በሌሎች አብያተ ክርስቲያናትም ይታጠናል።

ይህ ዛፍ ልጅ እያጣ ነው። በመተማ ወረዳ የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ከ6,000 የሚበልጡ የዕጣን ዛፎችን ለሁለት ዓመት ተከታትለው ውጤቱን በ2004 ዓ.ም. አሳትመዋል። ሁኔታው ካልተለወጠ በ50 ዓመት ውስጥ ከዛፎቹ 90 በመቶው እንደሚጠፉ፣ የዕጣኑም ምርት በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ተንብየው ነበር። ያ 15 ዓመት ሊሞላ ተቃርቧል። በ2011 ዓ.ም. የታተመው ሰፋ ያለ ጥናትም ዛፉ በሚበቅልባቸው 23 ሥፍራዎች ያለውን ሁኔታ መርምሮ፣ በአብዛኞቹ ለዐሥርት ዓመታት አዲስ ዛፍ አድጎ አለመተካቱን አረጋግጧል።

ከቁጥሩ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ብዙዎቻችን ዛፉን የሚገድለው የዕጣን አድሚው ስለት ብቻ ይመስለናል። ያለ ልክ ማድማት ዛፉን እንደሚያደክም፣ ዘሩንም እንደሚያመነምን እርግጥ ነው። ሆኖም በመተማው ጥናት የተደሙትም ያልተደሙትም ዛፎች እየተመናመኑ ተገኙ። ችግኙ የሚጠፋው በየበጋው ሣሩ ላይ በሚለቀቀው እሳትና በሚሰማራው ከብት ሲሆን፣ ትልልቁን ዛፍ ደግሞ ግንዱን የሚቦረቡር ጢንዚዛ ይጥለዋል። እሳቱና ከብቱ የእኛው ናቸው፤ እሳት የሚለቅቀውም ሆነ ከብት የሚያሰማራው የአጥቢያችን ሰው ነው። ነገሩ ከዕጣን ድርጅቶችና ከመንግሥት አልፎ የሰበካ ጉባኤ ጉዳይ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

የአንድን ደን ጤንነት ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። አንድን አጥቢያ አስቡ። ቅዳሴ የሚያስቀድሱት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ብቻ ቢሆኑ፣ የክርስትና መዝገቡም ለ30 ዓመት አንድ ሕፃን ያልተጻፈበት ቢሆን፣ ዛሬ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ብታዩትም ነገ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ደንም እንደዚያው ነው። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ስለምናያቸው «ደኑ አለ» እንላለን። ከሥራቸው የሚተካቸው መኖሩን ግን ጎንበስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ጎንበስ ብሎ የማየት ሥራ ደግሞ ለ13 እና ለ14 ዓመት ልጅ የተሰጠ ይመስላል። ትምህርቱ እንዲህ ይሆናል። ተማሪዎቹ በ80 ሜትር ገመድ እያንዳንዱ ጎን 20 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቦታ ይከልላሉ፤ ስፋቱ 400 ካሬ ሜትር ነው። በውስጡ ያለውን ዛፍ ሁሉ በሦስት መደብ ይቆጥራሉ፦ ትልቁን ዛፍ፣ ወጣቱን ዛፍና ከጉልበት በታች ያለውን ችግኝ። የትልቁን ግንድ ዙሪያ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብለው በሲባጎ ይለካሉ። ዙሪያው 94 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለ3.14 ሲካፈል ውፍረቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይመጣል። ልጁ በሰሌዳ ላይ ሲሸመድደው የነበረው የክብ ስሌት እዚህ ላይ ሥራ አገኘ ማለት ነው። ከዚያ ሁለተኛውን አራት ማዕዘን ከአጥሩ ውጭ፣ ከብት በሚሰማራበት ቦታ ይከልላሉ። ሁለቱን በመቶኛ ያነጻጽራሉ፤ በሥዕላዊ ግራፍ ያሳያሉ። የሒሳብ መምህሩ ግራፉን ያርማል፤ የሳይንስ መምህሩ ልዩነቱ ከምን እንደ መጣ ይጠይቃል፤ የአማርኛ መምህርቷ ያንኑ ቁጥር ይዘው ለሰበካ ጉባኤው የአንድ ገጽ ሪፖርት እንዲጽፉ ታደርጋለች። አንድ ወረቀት በሦስት መምህራን እጅ ያልፋል። በሁሉም የትምህርት ዓይነቶች ይሠርጽ የተባለው በተግባር ሲታይ ይህን ይመስላል፤ ከዚህ የረቀቀ ነገር የለውም።

በዚህ ቆጠራ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ትንሹ የዕጣን ችግኝ በበጋ ከላዩ ይደርቃል፤ ሥሩ ግን ከመሬት በታች በሕይወት ይቆይና ዝናም ሲመጣ እንደገና ያቆጠቁጣል። ለዓመታት እንዲህ እየሞተ እየተነሣ ነው ግንድ የሚያወጣው። ይህን የማያውቅ ሰው የሞተ መስሎት ይነቅለዋል፤ ወይም «ምንም የለም» ብሎ እሳት ይለቅቅበታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቆጠራ ቅጠሉ ሳይረግፍ፣ ከመስቀል በዓል በኋላ ባለው ሳምንት ይሁን። በእያንዳንዱ ችግኝ አጠገብ ትንሽ ካስማ ይተከል። በየካቲት ልጆቹ ተመልሰው ካስማውን ይፈልጉ፤ ከአጠገቡ ደረቅ ጭራሮ ያገኛሉ። በሚቀጥለው መስከረም ያ ጭራሮ ቅጠል አውጥቶ ያገኘው ልጅ ስለ ሥር ሥራ ከመጽሐፍ ከሚነገረው ይልቅ ያየውን ያስታውሳል።

የዕጣን ዛፍ ድንጋያማ ተዳፋት ስለሚወድ፣ ቅጽራቸው በሜዳ ላይና በመረሬ አፈር ላይ የሆነ አጥቢያዎች ላያገኙት ይችላሉ። እነርሱ ክርክራውን፣ ገባውንና ግራሩን ይቁጠሩ፤ ትምህርቱ አይለወጥም። ድንጋያማ ጥግ ያላቸው ግን ከቅርንጫፉ ቆርጠው ሊሞክሩት ይችላሉ፤ የዕጣን ዛፍ ከዘር ብቻ ሳይሆን ከቅርንጫፍ ቆረጣም ይራባል።

ደጋው ከዚህ ቀደም የሠራውን ማየትም ይጠቅመናል። በደቡብ ጎንደር 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ደኖቹ ከውስጥ እንዳይታደሱ ከሚያደርጓቸው ነገሮች አንዱ ገብቶ የሚረግጠውና የሚግጠው ከብት መሆኑን አሳይተዋል። ከዚያም ከአሜሪካዊቷ የደን ሊቅ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር በመተባበር አጥቢያዎቹ ከየማሳቸው በለቀሙት ድንጋይ ቅጥር እንዲሠሩ ረድተዋል። ገበሬው ማሳው ከድንጋይ ጸዳለት፤ ደኑም አጥር አገኘ። በዚህ በቆላው ደግሞ የማኅበረ ሥላሴ ገዳም ደን አለ። መነኮሳቱ ደኑን የጠበቁት በጥናት ተነሣሥተው አይደለም፤ የገዳሙ ሥርዓት ስለሆነ ነው። ሆኖም የሳይንስ ሰዎች ዛሬ የቆላውን አዕዋፍና አራዊት ለማጥናት ወደዚያ ይሄዳሉ። የእናንተ አጥቢያዎች ከእነዚህ አንጻር ገና ወጣት ቢሆኑ አያሳፍርም። አጥሩ በድንጋይ ባይሆን በሽመልና በእሾህ ይታጠራል። ሣሩ ሳይደርቅ በኅዳር መጀመሪያ በአጥሩ ዙሪያ ሁለት ሜትር ያህል ከታጨደና ከተጠረገ እሳት ሳያገኘው ያልፋል። ይህንንም የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ሊሠሩት ይችላሉ፤ ማጭዱ ከየቤታቸው ይመጣል። እሳት ማን ይለቅቃል፣ ለምን ይለቅቃል፣ ማርና ግጦሽ የሚፈልገው ሰው ሌላ ምን አማራጭ አለው የሚለው ክርክር ደግሞ ለዜግነት ትምህርት ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ወደ ካህናት አባቶች እንመለስ፤ በዚህ ትምህርት እናንተ ፈቃጆች ብቻ ሳትሆኑ መምህራንም ናችሁና። የእጅ ሰዓት ሳይመጣ በፊት አባቶቻችን የቀኑን ሰዓት በጥላ ይሰፍሩ ነበር። ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ የገዛ ጥላውን በጫማው ይለካል፤ እንደየወሩ ጥላው ስንት ጫማ ሲሆን ስንት ሰዓት እንደሆነ በብራና መጻሕፍት ላይ ተጽፎ ይገኛል። ይህን የሚያውቅ መሪጌታ ወይም ሽማግሌ ካህን በአጥቢያችሁ ካለ አንድ ማለዳ ለተማሪዎቹ ያሳይ። የሒሳብ መምህሩ ይህንኑ ይዞ ይቀጥላል። አንድ ሜትር ዘንግ በመሬት ላይ ይተከላል፤ ጥላው 80 ሳንቲ ሜትር በሆነበት ሰዓት የዛፉ ጥላ 7.2 ሜትር ከሆነ የዛፉ ቁመት 9 ሜትር ነው። ልጁ ዛፍ ላይ ሳይወጣ ቁመቱን አወቀ። የአባቶቹ ዕውቀትና የመማሪያ መጽሐፉ ጠላቶች አለመሆናቸውንም ማንም ሳይነግረው ተረዳ። እውነቱን ለመናገር ከዕቅዳችን ሁሉ ይህኛው ያስደስተናል።

ገለጉ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ሌላም የሚታይ ነገር አላት። በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ ፀሐይ በቀትር ከራስ በላይ ትውላለች፤ የተተከለ ዘንግ ጥላው ከሥሩ ይሰበሰባል። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀረው የዓመቱ ክፍል ወደ ሰሜን። የነሐሴው ከጾመ ፍልሰታ ጋር ይገጥማል፤ ተማሪውም በዕረፍት ላይ ነው፤ ደመናውም አይፈቅድ ይሆናል። የሚያዝያው ግን የትምህርት ወቅት ስለሆነ ማንም ልጅ ሊያልፈው አይገባም። ስለ ምድር ዘንበል ማለት በክፍል ከሚሰጠው ማብራሪያ ይልቅ ያ አንድ ቀትር ይበልጣል።

ስለ ወንዙም ጥቂት እንበል። የከተማዋን ስም የሚጋራው የገለጉ ወንዝ ወደ ምዕራብ ወርዶ ድንበር ይሻገራል። በሱዳን ድንድር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥም ያው ጅረት በዚሁ ስም ይጠራል፤ የፓርኩ ዋና ሰፈርም ገለጉ ይባላል። ከዚያ ውኃው ከድንድር ወንዝ ጋር ተቀላቅሎ ዓባይ ይገባል። በዚህ ወገን በ1998 ዓ.ም. የተከለለው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ 2,665 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከድንድር ጋር ድንበር ይነካካል። በ2008 ዓ.ም. ተመራማሪዎች በአላጥሽ በሰው አልባ ካሜራ አንበሳ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ በሁለቱ ፓርኮች በአንድነት ከ100 እስከ 200 አንበሶች ሳይኖሩ እንደማይቀር ገመቱ። ዓለም ዜናውን እንደ ታላቅ ግኝት ሰማው፤ የቋራ እረኛ ግን ያውቀው ነበር። ልጆቻችን በማኅበራዊ ሳይንስ ስለ ቋራ ሲማሩ ዐፄ ቴዎድሮስ የተወለዱበት አገር መሆኑን ያነሣሉ፤ ተገቢ ነው። ነገር ግን ውኃቸው የት እንደሚደርስ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ሕዝብ በምን እንደሚተዳደር፣ እዚህ የተመነጠረው ደን እዚያ የሚያመጣው ደለል ምን እንደሆነም ይወቁ።

የዛፎቹን ስም መሰብሰብ ደግሞ ለአማርኛ ክፍለ ጊዜ ይሁን። ይህ አገር ሦስት ቋንቋ ይሰማበታል። ጉሙዞች ከሁላችንም ቀድመው ዛፉን ሁሉ በየስሙ ያውቁታል። ከድንበር ማዶ የሚመጣው ነጋዴ ሙጫ የሚሰጡትን ግራሮች ሃሻብና ጣልሕ ብሎ ይለያቸዋል፤ ፍሬው የሚመጠጠውንም ላሎብ ይለዋል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሠፈራ ከደጋ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ግን ብዙ ጊዜ የሚያውቁት አያቶቻቸው የሚያነሡትን ጥድና ወይራ ነው፤ በደጃቸው የቆመውን በስሙ አይጠሩትም። ስሙን የማያውቁትን ዛፍ መቁረጥ ቀላል ነው። ተማሪዎቹ ከጉሙዝ ሽማግሌ፣ ከሙጫ ለቃሚና ከእናቶቻቸው ጠይቀው የየዛፉን ስምና ጥቅም በሦስቱም ቋንቋ ቢጽፉ፣ አጥቢያው ከዚህ በፊት ያልነበረው መዝገብ ይኖረዋል።

በሌሎቹ የትምህርት ዓይነቶች ላይ ብዙ አንቆይም። የእይታ ጥበብ ሥዕልና የሽመል ሥራ አለው፤ ሰውነት ማጎልመሻውም ጉዞው ራሱ ነው። ስለ ጤና ግን ዝም ብለን አናልፍም። ካላዛር የዚህ ቆላ ደዌ ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንሽ የአሸዋ ዝንብ በመረሬው አፈር ስንጥቅና በግራርና በላሎብ ዛፎች አካባቢ ትኖራለች፤ የምትናከሰውም ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ለሰሊጥና ለጥጥ አጨዳ የመጡ ሠራተኞች ከዛፍ ሥር ሲያድሩ የሚነደፉት ለዚህ ነው። ስለዚህ የመስክ ትምህርቱ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ይጀመር፤ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ይፈጸም። በምንም ምክንያት ወደ ማታ አይተላለፍ። መምህሩም ዝንቧ ለምን እዚያ እንደምትኖር በቦታው ላይ ቆሞ ቢያስረዳ፣ ልጁ በአጨዳ ወቅት ከዛፍ ሥር ለሚያድረው ወንድሙ አጎበር ይዞለት እንዲሄድ ይነግረዋል። ሳምንታት የቆየ ትኩሳት፣ የሆድ ማበጥና መክሳት የታየበት ሰው ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንዳለበትም ከዚያው ይማራል። ከመስቀል በኋላ ሣሩ ረዥም ስለሆነ እባብ አለ፤ ልጆቹ የተዘጋ ጫማ ይልበሱ፤ ቀዳሚውም ዘንግ ይያዝ።

አሁን ከእናንተ ዘንድ እንደሚነሣ ወደምንጠብቀው ጥያቄ እንምጣ።

ወላጆች ስለ ጸጥታ ትጠይቃላችሁ፤ መጠየቅም አለባችሁ። በሌላው የአገራችን ክፍል ተማሪዎችን ለቀናት ወደ ደን ወስዶ ከአገር ሽማግሌዎች ጋር የሚያስተምር ሥራ አለ፤ ሜልካ ኢትዮጵያ በመናገሻ ሱባ ደን ሲያደርገው የቆየው በምሳሌነት ይጠቀሳል። እኛ ይህን አናቀርብላችሁም። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በሆነው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች በራቸው ተዘግቶ፣ ልጆች ከትምህርት ርቀው ከርመዋል። በዚህ ጊዜ ልጅን ወደ ሩቅ ጫካ ማውጣት አይታሰብም። ከዚያ ሥራ የምንወስደው ሽማግሌውን ነው፤ ቦታው ግን ከቤት በጥሪ የሚደረስበት ይሁን። ቅጽሩን የመረጥነው አንዱም ለዚህ ነው።

ካህናት ስለ ቅጽሩ ክብር ትጠይቃላችሁ። ትምህርቱ በውጭኛው ግቢ እንጂ በውስጠኛው ቅጽር አይካሄድም፤ የቅዳሴና የጸሎት ሰዓትም አይነካም። በልማደ አንስት ላይ ያሉ ልጃገረዶች አፍረው እንዳይቀሩ፣ የሚለካው ሁለተኛው ቦታ ዘወትር ከአጥሩ ውጭ ይሁን፤ ማን የት እንደ ሠራችም አይጠየቅ። በዚህ ምክንያት አንዲት ልጅ ከትምህርቱ ብትጎድል ሥራችን ከመነሻው ተበላሸ ማለት ነው። ከተማሪዎቹ መካከል የሙስሊም ወገኖቻችን ልጆች አሉ። ትምህርቱ የትምህርት ቤቱ እንጂ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አይደለም፤ ስለሆነም በዚያ ሰዓት ስብከት አይደረግ። ወደ ግቢያችን መግባት የማይሹ ካሉ የትምህርት ቤቱ ግቢና የወንዙ ዳር እኩል ያስተምራሉ።

መምህራን ስለ ስምንተኛ ክፍል የክልል ፈተና ትጨነቃላችሁ። የጠየቅነው ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ሳይሆን ያለው ክፍለ ጊዜ የሚሰጥበትን ቦታ መለወጥ ነው። ምጣኔ፣ መቶኛ፣ የክብ ዙሪያ፣ የመረጃ አያያዝ፣ ሥርዓተ ምኅዳር ሁሉም በመጽሐፋችሁ ውስጥ አሉ። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ልጁ እንደሚቀር እናውቃለን። የመጀመሪያውን ቆጠራ ከአጨዳው በፊት ያደረግነውም ስለዚህ ነው። የቀረውንም ልጅ ከመቅጣት ይልቅ በማሳው ስንት ዛፍ እንደ ቆመና ስንት ጉቶ እንዳለ ቆጥሮ እንዲመጣ ማዘዝ ይሻላል። ከተሰጠው ሥራ አልራቀም ማለት ነው።

ከሰበካ ጉባኤያቱ ዛሬ የምንጠብቀው ውሳኔ አጭር ነው። ከውጭኛው ግቢ የትኛው ጥግ ለትምህርቱ እንደሚለቀቅ፣ በዚያ ጥግ ሣር እንዳይቃጠልና ከብት እንዳይገባ ኃላፊነቱን የሚወስደው ሰው ማን እንደሆነ፣ የጥላውን ስፍር የሚያሳየው ካህን ማን እንደሆነ በቃለ ጉባኤ ይያዝልን። ተማሪዎቹ የሚጽፉት የአንድ ገጽ ሪፖርት ሲደርሳችሁም በስብሰባ ላይ ይነበብ፤ ከተቻለ ከልጆቹ አንዱ ራሱ ያንብበው፤ መልስም ይሰጠው። የልጅ ሪፖርት ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ከመክተት ባይቀበሉት ይሻላል።

ገመዱን ይዘን መጥተናል፤ ለእያንዳንዱ አጥቢያ 80 ሜትር ተቆርጦ በየ20 ሜትሩ ቋጠሮ ተደርጎበታል። በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ስትወጡ ፈርማችሁ ተረከቡ።